መድኃኒት ሰጪው እምቢ ሲል

መድኃኒት የሚሰጥ እጅ ኃጢአት ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ ከፋርማሲ ሙያ በብዙ ዘመን ይቀድማል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ በጻፋቸው ቀኖናዎች፣ ጽንስ ያስወረደችው ሴት ብቻ ሳትሆን ማስወረጃውን የሰጠቻትም በነፍሰ ገዳይነት ተቆጥራለች። ንስሐው 10 ዓመት ነው። ከእርሱም አስቀድሞ በሂፖክራተስ ስም የሚጠራው የግሪክ ሐኪሞች መሐላ ለሴት የሚያስወርድ ነገር ላለመስጠት ያስምል ነበር። ባስልዮስ በቤተ ክርስቲያናችን በስሙ ቅዳሴ የሚቀደስለት አባት ነውና፣ ዛሬ ነጭ ጋዋን ለብሶ ከባንኮኒ ጀርባ ለሚቆም ኦርቶዶክሳዊ ፋርማሲስት ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

በአገራችን ለብዙ ዘመን መድኃኒት ሰጪውን «ስጥ» ብሎ የሚያዝዘው አልነበረም። መድኃኒት አዋቂው ቅጠሉንና ሥሩን ያውቃል፣ ለማን እንደሚሰጥም ራሱ ይወስናል፤ ዕውቀቱን ለገዛ ልጁ እንኳ ቶሎ አያወርስም። ካላማረው «አላውቅም» ይላል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ደብተራውም እንደዚሁ ነው። ለማኙ ደጅ ይጠናል እንጂ «መብቴ ነው» አይልም።

ይህን የለወጠው ወረቀት ነው። ትውልደ ጆርጂያው ሐኪም ዶክተር ሜራብ በ1902 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ የከተማይቱን የመጀመሪያ ፋርማሲ ከፍቶ በትውልድ አገሩ ስም ሰየመው። የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም የተቋቋመው በእነዚያው ዓመታት ነው። በዚህ አዲስ ሥርዓት ሐኪም ይጽፋል፣ መድኃኒት ቤት ያወጣል። ሰጪው የወሳኝነቱን ቦታ ለማዘዣ ለቀቀ። እ.ኤ.አ. በ1961 በአዲስ አበባ የፋርማሲ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሲጀመርም ሥልጠናው ያተኮረው ማዘዣን በትክክል ማንበብ፣ መጠንን መመርመር፣ የመድኃኒቶችን መጋጨት ማወቅ ላይ ነበር። ፋርማሲስት ማዘዣን የመመለስ ሥልጣን ነበረው፤ ምክንያቱ ግን ሙያ ነው። መጠኑ ከበዛ፣ ፊርማው ካጠራጠረ፣ መድኃኒቱ ለበሽተኛው ጠንቅ ከሆነ ይመልሰዋል። ነፍሱ ስላልፈቀደች ስለሚመልሰው ማዘዣ ማንም አላነሣም፤ ያኔ የሚያጣላ መድኃኒት በመደርደሪያው ላይ ብዙም አልነበረምና።

ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጽንስ ማቋረጥን ከለከለ። በር የተወው የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ለከባድ አደጋ ሲጋለጥ ብቻ ነበር፤ ለዚያውም በአንድ ሐኪም የጽሑፍ ማረጋገጫና በሁለተኛ ሐኪም ስምምነት። የሕጉም የእምነቱም ፊት ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያይ፣ «ሕሊናዬ አይፈቅድም» የሚል ባለሙያ ከሕግ ጋር የሚጋጭበት ነገር አልነበረውም። አልሰጥም ቢል ሕጉም አትስጥ ይለዋል።

በ1958 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ሲቋቋም ግን ስንጥቁ ታየ። ማኅበሩ የእርግዝና መከላከያ ይዞ መጣ። የወለደ እንጂ የመከነ በማይመረቅበት አገር «ልጅ አራርቁ» ማለት ቀላል አልነበረም። መከላከያን በይፋ ማስተዋወቅ በሕግ የታጠረ ነበር፤ ክኒን ልትወስድ የመጣች ሴትም «ባልሽ ያውቃል?» ትባል ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው እምቢታ በሃይማኖት ስም ሳይሆን በባል ስም የመጣ ነው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱን መለየት ቀላል ሆኖ ባያውቅም።

በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ አወጣ። አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ 7.7 ልጆች ትወልዳለች ተብሎ በሚገመትበት በዚያ ዘመን፣ ፖሊሲው ቁጥሩን እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 4 ለማውረድ አቀደ፤ በመከላከያ ማስታወቂያ ላይ የተጣሉ አላስፈላጊ ገደቦችም እንዲነሡ አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 የሴቶችን የቤተሰብ ምጣኔ መብት ጻፈ። በአንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን አወጀ፤ እዚያው ላይም የሕዝብን ጤናና የሌሎችን መሠረታዊ መብት ለመጠበቅ ሲባል የእምነት መገለጫ በሕግ ሊገደብ እንደሚችል አከለ። ያን ጊዜ ማንም ሁለቱን አንቀጾች አንድ የፋርማሲ ባንኮኒ ላይ አገናኝቶ ያሰበ አይመስለኝም።

በዚያው ጊዜ ነገሩ በስሙ የተጠራው ፈረንሳይ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1995 ከቦርዶ ከተማ አቅራቢያ ባለች ሳልቦፍ በምትባል አነስተኛ ከተማ፣ ፒሾንና ሳዡ የተባሉ የፋርማሲ ባለቤቶች ማዘዣ ለያዙ ሦስት ሴቶች የእርግዝና መከላከያ አንሸጥም አሉ። ተከሰሱ፣ ተቀጡ፣ ይግባኝ አሉ፤ በመጨረሻ ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ደረሱ። ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2001 አቤቱታቸውን ሳይቀበል ቀረ። ሽያጩ ሕጋዊ እስከሆነ፣ መድኃኒቱም በማዘዣ ከፋርማሲ ብቻ እስከተገኘ ድረስ እምነታችሁን በሌላው ላይ መጫን አትችሉም፤ እምነታችሁን የምትገልጹበት ሌላ ብዙ መንገድ አላችሁ የሚል ነበር ምክንያቱ። አሜሪካ በአንጻሩ ወዲያና ወዲህ ተጎተተች። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢሊኖይ ግዛት አገረ ገዥ ፋርማሲዎች የመከላከያ ማዘዣ ሳያጓትቱ እንዲያስተናግዱ አዘዘ፤ ሌሎች ግዛቶች ደግሞ ፋርማሲስቱ እንዲመልስ የሚፈቅድ ሕግ አወጡ። የዋሽንግተን ግዛትን ደንብ የተቃወመ አንድ የመድኃኒት መደብር ባለቤት ቤተሰብ ያቀረበውን አቤቱታ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ሳያየው መለሰው።

ወደ እኛው እንመለስ። የወንጀል ሕጉ ሲሻሻል ክርክሩ የጦፈ ነበር። የማኅፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር በየሆስፒታሉ የሚያየውን ይዞ ቀረበ፤ በድብቅ ያስወረዱና ማኅፀናቸው ተበስቶ፣ ደማቸው ተመርዞ የሚመጡ ልጃገረዶች አልጋ ሞልተው ነበር። የሴት የሕግ ባለሙያዎችም ተሰለፉ። በሌላ በኩል የሃይማኖት ወገኖች አጥብቀው ተቃወሙ። ምክር ቤቱ መሐል ቤት ላይ ቆመ። በግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ማስወረድ ወንጀል ነው የሚለውን ትቶ አላለፈም፤ በአንቀጽ 551 ግን ልዩ ሁኔታዎችን ዘረዘረ፦ እርግዝናው ከመደፈር ወይም ከዘመድ ጋር ከተፈጸመ ግንኙነት ከመጣ፣ የእናት ወይም የጽንሱ ሕይወት፣ ወይም የእናት ጤና አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለው፣ እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም በለጋ ዕድሜ ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ካልበቃች። ተደፈርኩ ያለች ሴት ቃሏ ይበቃል፤ ማስረጃ ቁጠሪ አትባልም። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. መመሪያ አወጣ።

ያን ጊዜ ፀሐይ የወጣላቸው መድኃኒቶች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሰውም አዘውትሮ ያምታታቸዋል። አንዱ አስቸኳይ የእርግዝና መከላከያ ነው፤ ሕዝቡ ፖስትፒል በሚለው የንግድ ስም የሚያውቀው። በውስጡ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል እንቁላል ከመውጣቷ በፊት ያዘገያታል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ አለበት፣ በቶሎ ሲሆን ደግሞ ይሻላል። የጸና እርግዝናን አያቋርጥም። ሌላው ሚፌፕሪስቶንና ሚሶፕሮስቶል ነው፤ እነዚህ ጽንስ ያቋርጣሉ። ሚሶፕሮስቶል መጀመሪያ የጨጓራ ቁስል መድኃኒት ነበር፤ ዛሬ ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ለማቆም የስንት እናት ነፍስ ያተረፈ ነው። ሃይማኖቱን ጠብቆ «ማስወረጃ አልይዝም» የሚል ፋርማሲስት ፖስትፒልንም አብሮ ከመደርደሪያው ካወረደ በሳይንሱ ተሳስቷል፤ ሚሶፕሮስቶልን ጨርሶ ካላስገባ ደግሞ የምትደማን አራስ አብሮ መልሷታል። ሕሊናውን ላክብርለት የሚል ሰው እንኳ ይህን ሊነግረው ይገባል።

የሚገርመው፣ በእነዚሁ ዓመታት በመድኃኒትና በእምነት መካከል ጎልቶ የተሰማው ጠብ የሰጪው ሳይሆን የተቀባዩ ነበር። የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ጸበል የሄዱ ብዙ ሕሙማን ክኒኑን አቁመው ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጣሉ፣ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ በይፋ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ክኒኑን በጸበል የሚውጥ ሕመምተኛ አፍሮ አልተደበቀም። ስለ መከላከያና ስለ ጽንስ ማቋረጥ ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል ለፋርማሲስቱ ከየትም አልመጣለትም፤ ሊመጣም አይችልም ነበር፣ ምክንያቱም የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም አቋም ከመመሪያው ጋር አንድ አይደለም። በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ እርግዝናን አስቀድሞ መከላከልን የሚፈቅዱ ብዙዎች ናቸው፤ ጽንስ ነፍስ የሚዘራበት 120ኛው ቀን ካለፈ በኋላ ግን በሩ እጅግ ይጠባል።

ከዚያ 2006 ዓ.ም. መጣ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ ቁጥጥርን የሚመለከት ወፍራም ሰነድ ነው፤ ስለ ምግብ ማምረቻ ንጽሕና፣ ስለ መድኃኒት ማሸጊያ፣ ስለ ቀብር ሳይቀር ያወራል። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር መሐል አንቀጽ 84 በአንድ ዐረፍተ ነገር ይላል፦ ማንኛውም የጤና ባለሙያ እንደ እርግዝና መከላከያ፣ ሕጋዊ ጽንስ ማቋረጥና ደም መስጠት ያሉ አገልግሎቶችን በግል እምነቱ ምክንያት አልሰጥም ማለት አይችልም። አሜሪካ በየግዛቱ ዓመታት የተሟገተችበትን ነገር ኢትዮጵያ ያለ አንዳች ጩኸት ዘጋችው። ብዙ አገሮች ለሐኪሙ «እምቢ በል፣ ነገር ግን ወደሚሰጥ ሰው ላካት» የሚል መውጫ ሲተዉ፣ የኛ ደንብ መውጫ አልተወም። ፋርማሲስቱም በዚሁ ውስጥ ነው፤ የጤና ባለሙያ ነውና። የወንጀል ሕጉም ቢሆን ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ አዋላጅና ነርስ ከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት አገልግሎት ቢነፍጉ ይቀጣል።

ደንቡ ምን አደረገ? ከኖርዌይና ከኢትዮጵያ የተውጣጡ ተመራማሪዎች አዲስ አበባ ውስጥ በጽንስ ማቋረጥ አገልግሎት ዙሪያ የሚሠሩ 30 ባለሙያዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ያሳተሙት ጽሑፍ መልሱን ይሰጣል። እምቢታው ቀጥሏል። አብዛኞቹ ክልከላ መኖሩን አያውቁም፤ የሚያውቁትም ብዙ ቦታ አልሰጡትም። አንዱ አልሠራም ሲል ባልደረባው ይተካዋል፣ ሥራው ይሄዳል። እምቢታን የሚቃወሙት ደግሞ ይህ መተካካት ገጠር ላይ እንደማይሠራ ተናግረዋል፤ እዚያ ተኪ የለምና።

ገጠር ማለት ለዚህ ነገር የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋና ከተማ አሶሳን ይመስላል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የወለጋው መንገድ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ የሚመጣው መድኃኒት ሁሉ አብሮ ይቀራል። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነዋሪ 45 በመቶ ገደማ ሙስሊም፣ 33 በመቶ ኦርቶዶክስ፣ 13 በመቶ ገደማ ፕሮቴስታንት፣ የቀረውም በአብዛኛው የአባቶቹን እምነት የያዘ ነበር። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦውና ኮሞው፣ ከወሎና ከሌላም አካባቢ በሰፈራ የመጣው አማራ፣ ኦሮሞው አንድ ባንኮኒ ላይ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ጥናት በክልሉ ካገቡ 100 ሴቶች 28ቱ ገደማ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር፤ በአማራ ክልል 47፣ በሶማሌ ክልል ሁለት እንኳ አይሞሉም።

እንዲህ ባለ ከተማ ባንኮኒ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚያልፍ ማንም ያውቀዋል። ልጅቷ መጀመሪያ ሌላ ደንበኛ እስኪወጣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ፖስተር የምታነብ መስላ ትቆማለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዶክተር፣ ፖስትፒል አለ?» ትላለች፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። የሚሸጥላት ሰው ሣጥኗን በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ፣ ሒሳቡን ዓይኗን ሳያይ ተቀብሎ ይሸኛታል። የማይሸጥላት «ለእምነቴ ነው» አይላትም። «አልቋል እህቴ» ይላታል። ወይም «ማዘዣ አለሽ?» ወይም «ስንት ዓመትሽ ነው?» ይላታል፤ ከጥያቄው ይልቅ አጠያየቁ ያባርራታል። ባለ ሱቅ የሆነ ደግሞ መዋሸትም አያስፈልገው፣ ከአከፋፋይ ሲገዛ ዕቃውን አያዝዝም፣ «የለንም» ሲል እውነቱን ነው።

ለዚህ ነው ኢትዮጵያ እንደ ፒሾንና ሳዡ በስም የሚጠራ መዝገብ የሌላት። ፈረንሳዮቹ እምነታቸውን ጮክ ብለው ስለተናገሩ ዳኛ ፊት ቆሙ። እኛ ዘንድ እምቢታ የዕቃ እጥረት ልብስ ለብሶ ይወጣል፣ እጥረቱም እውነተኛ በመሆኑ ማንም አይገልጠውም። እኔ የደንቡን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ የቅርቡ ሌላ ፋርማሲ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅበት ቦታ የአንዱ ሕሊና የሌላዋን ዕድል መዝጋት የለበትም። ነገር ግን መንግሥት ክልከላውን ጽፎ ተቀመጠ እንጂ ፋርማሲስቱን አስተምሮ፣ ነፍሱ የከበደችውን ቀድሞ ለይቶ በሌላ ክፍል አልመደበም። እምቢታን መናገር ሲከለከል እምቢታው አልጠፋም፤ ውሸት መሆንን ተማረ። ውሸቱ ደግሞ ለልጅቷ ይብስባታል፦ «አልሰጥሽም» ያላትን ትታ ሌላ ትፈልጋለች፣ «ከተማው ውስጥ የለም» ያላትን አምና ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሰዓቱ ይቆጥራል።

በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መተከል ውስጥ በተነሣው ግጭት ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ፣ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ሥራ አቆሙ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ጦርነት ፈነዳ፤ ስደተኞች በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ አቅራቢያ መጉረፍ ጀመሩ፣ ኡራ የተባለው መጠለያም ተከፈተ። ከኩርሙክ እስከ አሶሳ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሱዳኑ ጦርነት መደፈር የጦር መሣሪያ እንደሆነ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች በተደጋጋሚ ዘግበዋል። በሰብአዊ ዕርዳታ ሥራ ዓለም አቀፍ ደንብ ለተደፈረች ሴት ከሚሰጠው የመጀመሪያ ዕርዳታ አንዱ አስቸኳይ የእርግዝና መከላከያ ነው። ከድንበር ማዶ ለመጣች ሴት 72ቱ ሰዓት ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀራት የአንቀጽ 551 በር ነው፣ በሩ ላይ የቆመውም ያው ባለሙያ።

መደርደሪያውን ባዶ ያደረገው የፋርማሲስቱ ሕሊና ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ፕሬዚዳንት ቡሽ ስለ ጽንስ ማቋረጥ የሚሠሩ የውጭ ድርጅቶች የአሜሪካ ገንዘብ እንዳያገኙ የሚከለክለውን ፖሊሲ ሲመልሱ፣ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር አልፈርምም ብሎ ገንዘቡንም ይቀርብለት የነበረውን መከላከያም አጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፖሊሲው ሰፍቶ ተመለሰ። በጥር 2025 የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤድ ታገደ፣ በሐምሌም በይፋ ተዘጋ፤ በኢትዮጵያ በአሜሪካ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። በዚያው የሐምሌ ወር የአሜሪካ መንግሥት ቤልጂየም መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ፣ አብዛኛው ወደ አፍሪካ ሊላክ የነበረ 9.7 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የእርግዝና መከላከያ እንዲቃጠል መወሰኑን አስታወቀ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ አሶሳ ላይ አንድ ፋርማሲስት «አልቋል» ሲል እውነቱን ይሁን እምነቱን ደብቆ ለማወቅ የፈለገ ተቆጣጣሪ መጀመሪያ የመጋዘኑን የዕቃ መቆጣጠሪያ ካርድ (ቢን ካርድ) ማየት ይኖርበታል።